ለወንበሩ ዳኛ ፍለጋ

ሰው የሚፈልገውን ለማግኘት በየፍርድ ቤቱ ሲንከራተት አይታችሁ ይሆናል። እኔ ግን የተንከራተትሁት የማልፈልገውን ለመጣል ነው። እስቲ ላጫውታችሁ፤ ሥራ ያለው ሥራውን እየሠራ ይስማ፣ ነገሩ እጅ የሚያስፈታ አይደለም።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። በእኛ ጎንደር አዲስ ነገር ሳይሰማ ሳምንት አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ማዘጋጃ ቤት ተባለ፤ ሳንለምደው ደግሞ የከተማ ምክር ቤት የሚባል መጣ። ከአባላቱ አንዳንዶቹን ሕዝቡ በድምፅ ይመርጣል፣ የቀሩትን የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ይሰይማሉ ተባለ። እኔ በቤቴ ደጃፍ ለተማሪዎቼ ጾመ ድጓ አስተምር ስለነበር ጆሮዬንም አላዞርሁ። የዜማ መምህር ነኝ፤ ስለ ቦይና ስለ ቄራ ምን አግብቶኝ?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብራችን አለቃ ሕዝቡን ዝም አሰኙና፣ "ከካህናት ወገን ለከተማው ምክር ቤት መሪጌታችን ተሰይመዋል" አሉ። እልልታው ቀለጠ። እኔም የትኛው መሪጌታ ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞር አልሁ። ከኋላዬ ግድግዳ ነው ያለው።

ለምን እኔን እንደሰየሙኝ ብዙ ተባለ። ወዳጆቼ ለእውቀቴ ነው አሉ። ባለቤቴ አልጋነሽ ግን በቁጣም በደስታም አንቱ እያለች እውነቱን የምትነግረኝ ሴት ናት፤ "አለቃው ናቸው ያስጠቆሙዎት። ማኅሌት ላይ በሰው ፊት እያረሟቸው አስቸገሯቸው። ሌላ ቦታ ሄደው ሌላ ሰው ያርሙልኝ ብለው ነው" አለችኝ።

ከእኛ ቤት ጋር አጥር የሚጋራ አያ ፈንታ የሚባል የከብት ነጋዴ አለ። አያ የምለው ጥቂት ስለሚበልጠኝ ነው እንጂ አብረን አፈር ፈጭተን ያደግን ስለሆንን እኔም እሱን እሱም እኔን አንተ ነው የምንባባለው። አያ ፈንታ ለዚህች ከተማ አንድ ሐሳብ አለው። ለቅዳሜ ገበያ የሚመጣ ከብት ሁሉ ውሃ ለመጠጣት ቀሃ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ይወርድና ዳገቱን ሲመለስ መልሶ ይጠማዋል። ስለዚህ ገበያው አጠገብ የውሃ ገንዳ ይሠራ ይላል። ይህን ለእኔ ነግሮኛል፣ ለንስሐ አባቱ ነግሯል፣ ሰው ሲያጣ ለዶሮዎቼ ሲነግራቸው ሰምቻለሁ።

ያን እሑድ በአጥሩ ላይ ብቅ አለና፣

"አንተ፣ ተሾመህ ምነው ፊትህ ጠቆረ?" አለኝ።

"ስብሰባው ተማሪዎቼን በማስተምርበት ጧት ነው። ደግሞስ እዚያ ገብቼ ምን እላለሁ?"

"ኧረ እኔ ብሆን የምለው ሞልቶኛል!"

"እንግዲያው ውሰደው።"

"ምኑን?"

"ወንበሩን።"

 አያ ፈንታ አጥሩን ዘልሎ መጣና ትከሻዬን ሳመኝ። ነገሩ ያለቀ መሰለን። ሁለት ሰው ከተስማማ ሌላ ምን ቀረ?

በነጋታው ማዘጋጃ ቤት ሄድን። ጸሐፊው ትሑት ወጣት ነው፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠንና፣ "መሪጌታ፣ የምክር ቤት ወንበር እንደ ጋቢ አውልቀው ለሌላ የሚያለብሱት አይደለም" አለኝ።

"ታዲያ እንዴት ነው የሚለቀቀው?"

"ለዚህ ሰው አይገባውም የሚል ተቃዋሚ ቢነሣና ፍርድ ቤት ቢወስን እኔ ትእዛዙን እፈጽማለሁ።"

"የትኛው ፍርድ ቤት?"

ጸሐፊው ጣራውን አየ። እኛም አየነው። "እሱ ገና ተጠይቆ አያውቅም" አለ።

ከዚህ ላይ አንድ ብልህ ሰው ቢኖር ኖሮ ወደ ሰየሙኝ ሹም ሄጄ እንድጠይቅ ይመክረኝ ነበር። ከእኛ መካከል ግን ብልሁ እኔ ነበርሁ። "እንካሰስ!" አልሁት አያ ፈንታን። "አንተ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ። ትረታኛለህ፣ ወንበሩን ትወስዳለህ፣ እኔ ወደ ተማሪዎቼ።"

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አጥቢያ ዳኛችን ነው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሰፈር ነገር የሚያዩ ሽማግሌ ናቸው።

"ምን በደለህ?" አሉት አያ ፈንታን።

"ኧረ ምንም። ሸጋ ሰው ነው።"

"ከሳሹ አንተ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ሸጋ ሰው ነው ብለህ ነው የምትከሰው?"

አያ ፈንታ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ እኔ ደግሞ ተከሳሽ ነኝና ልረዳው አልችልም። ሽማግሌው ሁለታችንንም መርቀው ወደ ቤታችን ላኩን።

ተመልሰን ስንሄድ ተጠናክረን ነው። ግንባራችንን ቋጥረን፣ ተራርቀን ቆምን። ነገሩ ሁሉ መልካም እየሄደ ሳለ አያ ፈንታ ነጠላዬ ላይ ገለባ አየና ጠጋ ብሎ በሁለት ጣቱ አነሣልኝ። ዳኛው ሳቃቸውን ጨርሰው፣ "እኔ የማየው ከብት የበላው አዝመራ፣ የተገፋ ድንበርና ስድብ ነው። ይሄ የእናንተ ከእኔ በላይ ነው፤ ወረዳ ሂዱ" አሉን።

የወረዳው ዳኛ ከመነጽራቸው በላይ እያዩን፣ "የክርክሩ ግምት?" አሉ።

"የምኑ ጌታዬ?" አለ አያ ፈንታ።

"የምትካሰሱበት ነገር ዋጋ። እኔ የማየው እስከዚህ ዋጋ፣ ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ተብሎ ነው።"

"የወንበሩን ከሆነ... እንጨት ነው። ጥድ ሳይሆን አይቀርም።"

"ደመወዝ አለው?"

"የለውም።"

"መሬትስ?"

"የለውም።"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ዋጋ የሌለው ነገር ከሥልጣኔ በላይ ነው ወይስ በታች ነው? እኔ አላውቅም። ተከሳሹ ካህን ናቸውና እስቲ ቤተ ክህነቱ ይየው" አሉ።

ቤተ ክህነት አንድ ሊቅ አዛውንት ክሱን ሰሙና ዓይናቸውን ጨፍነው በግዕዝ፣ "ብእሲሁ ዚአነ፤ መንበሩሰ ዘዓለም" አሉ። ሰውዬው የእኛ ነው፣ ወንበሩ ግን የዓለም ነው ማለታቸው ነው። እኔ በአነጋገሩ ማማር ተደስቼ መሸነፋችንን ረሳሁት። አያ ፈንታ ወጥተን እስክተረጉምለት ድረስ የፈረዱለት መስሎት ነበር።

የቀረው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ትልቁ ዳኛ ግን ለተዘዋዋሪ ችሎት ወደ ዳባት ወጥተው ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ አይመለሱም ተባለ። ምክር ቤቱ ከዚያ በፊት ሊከፈት ነው። ስለዚህ ዳባት ድረስ ልንሄድ ቆረጥን። የጭነት ማኪና ነበረ፤ አያ ፈንታ ግን በቅሎ ያለው ሰው በብረት ምን አስኬደው አለ። በቅሎዋ የእሱ፣ ስንቁ የእኔ። አልጋነሽ አንድ አገልግል ሞልታ አስይዛናለች። እየተፈራረቅን እየተቀመጥን፣ ከአንድ አገልግል እየበላን፣ ልንካሰስ ወገራን አቋርጠን ሄድን።

መንገድ ላይ ክርክሩን አለማመድሁት። አያ ፈንታ ክፉ መናገር አይሆንለትም። ስለዚህ በራሴ ላይ የሚቀርበውን ክስ ራሴ ደረስሁለት፤ ሸጋ አድርጌ፣ ቤት አስመትቼ። "ይህ መሪጌታ በድምፁ እንጂ በምክሩ አይታወቅም፤ ሲያዜም ሰማይ ይሰማዋል፣ ሲመክር ጎረቤቱም አይሰማው" የሚል ነበረበት። ሲጠፋው አስታውሰዋለሁ፣ ድምፁ ሲለሰልስ፣ "ጠንከር! ተቆጣ እንጂ!" እለዋለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ከአዲ አርቃይ በኩል ሽንኩርት ተሸክሞ የሚመጣ መንገደኛ አገኘን። አያ ፈንታ በዚያ ሰዓት ጣቱን ቀስሮ፣ "ምክርህን ጎረቤትህም አይሰማው!" እያለ ይጮኽብኛል። መንገደኛው ሸክሙን ጥሎ ሮጦ መካከላችን ገባ።

"ስለ ማርያም! ስለ እናታችሁ! በዚህ እድሜያችሁ!"

ልምምድ ነው ብንለው አላመነንም። ትከሻ ለትከሻ ሳያሳስመን፣ ዳግመኛ ላንጣላ ሳያስምለን አልሄደም። በልቡ አንድ ነፍስ እንዳዳነ አውቆ ደስ እያለው ሽንኩርቱን አንሥቶ ሄደ። እሱ ከጉብታው ማዶ እስኪሰወር ጠብቀን ስድቡን በሹክሹክታ ቀጠልን።

ዳባት ችሎቱ ሞልቷል። የመሬት ባለጉዳይ፣ የውርስ ባለጉዳይ፣ የዘመድ ደጋፊ በየወገኑ ቆሟል። ተራችን ደረሰ። አያ ፈንታ ወጣና፣ "ይህ መሪጌታ በድምፁ..." ብሎ ጀመረ። ቆመ። "በሰማይ..." አለ። እንደገና ቆመ። እኔ ከተከሳሽ ቦታ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ ላስታውሰው ሞከርሁ።

ዳኛው ቀልጠፍ ያሉ፣ ነገር የሚገባቸው ሰው ናቸው። "የተጠናውን ተወው። በራስህ አፍ ተናገር። ይህ ሰው ለምክር ቤት የማይገባው ለምንድን ነው?" አሉት።

አያ ፈንታ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "ጌታዬ፣ እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ግን ሰው ሲናገር አይሰማም። ቤቴ አፈሰሰ ብለህ ስትሄድ ስለ ዝናብ የተጻፈውን ሁሉ ይነግርሃል እንጂ መሰላል አያውስህም። የማኅበራችን ሽምግልና ላይ አስቀመጥነው፤ ተኛ። ቀስቅሰን ምን ይመስልሃል ስንለው 'ዜማው ረዘመ' አለን። ዜማ አልነበረም ጌታዬ። በመሬት የተጣሉ ወንድማማቾች ነበሩ።"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም በእጃቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

አያችሁ፣ እኔ የደረስሁት ክስ ቢነበብ ምንም አይሰማኝም ነበር፤ የራሴ ነው፣ ያምራል። ይሄ ግን እውነት ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ያ የሽንኩርት ነጋዴ እንኳ ቢኖር አብሮ የሚስቅ መሰለኝ። ለካ ሰው አይገባህም እስኪባል ድረስ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም! ወንበሩ በዚያች ቅጽበት በዓይኔ ላይ መጣ፤ ከጥድ የተሠራ አልመሰለኝም፣ ከዝሆን ጥርስ ነው የመሰለኝ።

"ተከሳሽ፣ ምን ትመልሳለህ?" አሉ ዳኛው።

በውላችን መሠረት፣ "ትክክል ነው፣ ይውሰደው" ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ነጠላዬን አስተካክዬ በማኅሌት ድምፄ ተነሣሁ። ወንበሩ የእኔ እንደሆነ፣ የሰየሙኝ ሹም ሰው ማወቃቸውን፣ እንቅልፍ የመሰላቸውም ተመስጦ እንደነበር ተናገርሁ። በዚህ ብበቃ መልካም ነበር። "ይህ ሰው ደግሞ ከብት ነጋዴ ነው። አንካሳውን ደህና፣ ሽማግሌውን ወይፈን እያለ ይሸጣል። በገበያ ለገዥ የሚናገረውን እውነት ነው ለከተማው ሊመክር የመጣው?" አልሁ።

ማንም አልሳቀም።  ያልሁት ነገር ሐሰት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እኔ እንደማውቅም አያ ፈንታ ያውቃል።

ዳኛው ብያኔያቸውን ሰጡ። "ሕዝብ በመረጠው አባል ላይ ክርክር ቢነሣ ድምፁ በደንብ ተሰጥቷል ወይ ብለን እናይ ነበር። የተሰየመ ከሆነ ደግሞ አሰያየሙ ከሕግ ውጭ ነው የሚል ሰው ካለ እሰማለሁ። እንዲህ የሚል አለ?"

"የለም" አልን።

"እንግዲያው ማን ይሻላል የሚለውን እኔም አልዳኝም፣ ከእኔ በታች ያለም አይዳኝም። እሱ የሰየሙት ሹም ድርሻ ነው። ወደ እሳቸው ሂዱ።" ከዚያ ወደ አያ ፈንታ ዞር አሉ። "አሁን የሰማሁት ስም ማጥፋት ግን ሥልጣኔ ነው። ልትከስ ትፈልጋለህ?"

"አልፈልግም ጌታዬ" አለ አያ ፈንታ።

ስንወጣ የበቅሎዋን ልጓም ያዘና፣ "መሪጌታ፣ እርስዎ ይቀመጡ" አለኝ።

እርስዎ! ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አልቀመጥም አልሁ። እሱም አልተቀመጠም። ስለዚህ በቅሎዋ ባዶዋን መካከላችን ሆና እንደ ሹም ስትሄድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግራና ቀኝ አጅበናት በእግራችን ወገራን ተመለስን። አገልግሉን ስከፍት "እርስዎ ይብሉ፣ እኔ ጠግቤአለሁ" ይላል፤ ሆዱ ሲጮኽ እየሰማሁት። እኔም ብቻዬን መብላት አሳፈረኝና ሁለታችንም ተርበን፣ ስንቁ ሳይነካ ጎንደር ገባን።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገብቶ ነበር። እኔ ወንበሬን እንዳስከበርሁ ተወራ፤ አያ ፈንታ አጭበርባሪ መሆኑን አንድ መሪጌታ በችሎት መመስከሩም ተወራ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከብቶቹን ማንም አልጠየቀበትም። ድሮ ጥርስ እንኳ ሳያዩ ከእሱ የሚገዙ ሰዎች አለፉት። ሚስቱ እሳት ለመጫር ወደ እኛ ቤት መምጣቷን ትታ ከሩቅ ሰፈር ታመጣ ጀመር።

አልጋነሽ ሁሉንም ከአፌ አስወጥታ ከሰማች በኋላ፣ "ላልፈለጉት ወንበር ጎረቤቴን ሰጡብኝ?" አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። እሷ የማትናገርበት ቤት ምን እንደሚመስል የማውቀው እኔ ነኝ።

ሰኞ ጧት ወደ ገዥው ግቢ ሄድሁ። ደጅ ጥናት ይጠብቀኛል ብዬ ስንቅ ሁሉ ይዤ ነበር። የገዥው እልፍኝ ጸሐፊ ግን ወዲያው አስገቡኝ። ምክር ቤት መግባት አልችልም፣ ተማሪ አለብኝ አልኋቸው። "መልካም፣ እነግራቸዋለሁ። ከሌላ ደብር ቄስ ይሰየማል" አሉኝ።

"ይሄው ነው?" አልሁ።

"ሌላ ምን አለ?"

"እኔ እስከ ዳባት ድረስ..."

"ዳባት ምን ሊሠሩ?"

ምን ሊሠሩ! እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ወንበሩን እንዲህ በቀላሉ ጣልሁት። የተናገርሁትን ግን የሚያነሣልኝ ሹም አልነበረም። ስለዚህ ቅዳሜ ሲደርስ ካባዬን ለብሼ፣ ጥምጥሜን ጠምጥሜ፣ መቋሚያዬን ይዤ ወደ ከብት ገበያ ወጣሁ። አያ ፈንታ ከብቶቹን አቁሞ ብቻውን ቆሟል። አየኝና ፊቱን አዞረ። አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁና ባለኝ ድምፅ ሁሉ፣

"ስሙኝ!" አልሁ።

የእኔ ድምፅ ለቤተ መቅደስ እንጂ ለከብት የተሠራ አይደለም። አንድ ወይፈን ገመዱን በጥሶ በበርበሬ ሻጮች መካከል ሮጠ፤ በጎች ተበተኑ፤ ገበያው ሁሉ እየረገመኝ ተሰበሰበ። ለማንኛውም ሰው ተሰበሰበልኝ።

"በዳባት ችሎት ስለ አያ ፈንታ የተናገርሁት ሐሰት ነው! ተናድጄ ነው የተናገርሁት። ይህ ሰው በከብት ዋሽቶ አያውቅም። በአጥሩ ማዶ የኖርሁ እኔ እመሰክራለሁ!"

 እዚህ ላይ መውረድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን መድረክ ስይዝ መውረድ አላውቅበትም። ሞቅ አለኝና ከከብቶቹ መካከል አንዱን በመቋሚያዬ እያመለከትሁ፣ "ይህን በሬ እዩት! ይህ ትከሻ! ይህ አንገት! ይህን በሬ ጠምዶ የማያርስ ገበሬ ማነው?" አልሁ።

ከኋላ አንድ የትክል ድንጋይ ገበሬ ቀስ ብሎ፣ "መሪጌታ፣ ላም እኮ ናት" አለ።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ወደ አያ ፈንታ ተመለከትሁ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ ደነገጥሁ። ዞር ሲል ለካ በሳቅ እንባው ወርዷል።

"ውረድ ከዚያ አንተ ሰው!" አለኝ። "ላምና በሬ ሳትለይ ነው ከተማ ልትመክር የነበረው?"

ገበሬው ቀርቦ ላሚቱን ይጠይቅ ጀመር። አያ ፈንታ ዓይኑን እያበሰ፣ "ወተቷ መልካም ነው፤ ግን ትራገጣለች። እግሯ ካልታሰረ አትታለብም። አልነገርኸኝም እንዳትለኝ ኋላ" አለው። ገበሬው እሷን ትቶ አጠገቧ የነበሩትን ሁለት በሬዎች ጥርሳቸውን ሳያይ ገዛ። ከእሱ በኋላ ሌሎችም መጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከላሚቱ በቀር ሁሉም ተሸጠ።

"በሬህን አንተው ንዳ" ብሎ አያ ፈንታ የላሚቱን ገመድ እጄ ላይ አኖረልኝ።

አያ ፈንታ ከኋላ እየተከተለኝ፣ በካባና በጥምጥም ላም እየጎተትሁ በከተማው መካከል አለፍሁ። ላሚቱ የማንንም ማዕረግ አታውቅም፤ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ውስጥ የምክር ቤቱ የጧት ስብሰባ ገና አላለቀም። ብጎትታት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች። እንዲያውም ደረጃው ላይ ለከተማው ማድረግ የማይገባትን አደረገች። ዘበኛው እየሮጠ ወጣ።

"የማን ላም ናት?"

አያ ፈንታ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ "የመሪጌታ ናት" አለ።

"መሪጌታ፣ የእርስዎ ናት?"

ላሚቱን አየሁ፤ አያ ፈንታን አየሁ። አይደለችም ብዬ መከራከር እችል ነበር፤ ለላም ክርክር ዳኛ ሞልቷል።

"የእኔ ናት" አልሁና ካባዬን አውልቄ አጥር ላይ ሰቅዬ መጥረጊያ ለመንሁ። አያ ፈንታም እጅጌውን ሰብስቦ ላሚቱን ከኋላ መግፋት ጀመረ።